ለተጣለች ሱልካታ ኤሊ ቤትና አጥር አሠራር

በላስ ቬጋስ ከቤት እንስሳት መደብር የምትገዛ የሱልካታ ጫጩት በመዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ርዝመቷም 5 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ የሆነ ፍጥረት ናት። ያቺው ጫጩት ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣት፣ የሽቦ አጥር የምትገፋና ግቢውን በጉድጓድ የምትሞላ እንስሳ ትሆናለች። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንዲሉ፣ ይህን ሳያስቡ የገዟት ብዙዎች ስለሆኑ በኔቫዳ፣ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ የሚገኙ መጠለያዎች የተጣሉ ሱልካታዎችን መቀበል የዘወትር ሥራቸው ሆኗል። ከእነዚህ አንዷን ተቀብሎ ለማኖር የሚያስብ የአገሬ ሰው ካለ፣ ኤሊዋ በመኪና ተጭና ከመምጣቷ በፊት ቤቷም አጥሯም ተሠርተው ማለቅ እንዳለባቸው ከወዲሁ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ፤ አንድ ጊዜ ቤት አጥታ የተጣለች እንስሳ ግንባታው እስኪያልቅ በጋራዥ ልትቆይ አይገባምና።

ሱልካታ ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛዋ ትልቅ የየብስ ኤሊ ናት፤ በደሴት ሳይሆን በአህጉር ላይ ከሚኖሩት መካከል ግን በግዝፈት የሚስተካከላት የለም። የትውልድ ምድሯ ከሞሪታንያና ከሴኔጋል ተነሥቶ በማሊ፣ በኒጀር፣ በቻድና በሱዳን አልፎ እስከ ኤርትራና ኢትዮጵያ የሚዘረጋው ደረቅ የሳህል ቀጠና ነው። ወንዱ ከ45 ኪሎግራም ማለፉ የተለመደ ሲሆን 90 ኪሎግራም የሚደርሱም አሉ፤ ዕድሜያቸውም ከ70 ዓመት ሊበልጥ ይችላል። ለቤት ሠሪ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የሚከተለው ነው፦ ላስ ቬጋስ የምትገኝበት የሞሃቬ በረሃ ተወላጅ የሆነችው ኤሊ የብርዱን ወራት ጉድጓዷ ውስጥ ተኝታ ስታሳልፍ፣ ሱልካታ እንዲህ ያለ የክረምት እንቅልፍ የላትም። የላስ ቬጋስ የጥር ሌሊት በአማካይ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ውኃ ያረጋል። በመሆኑም ሱልካታ በዚህ ከተማ ስትኖር ቤቷ በሕይወት የመቆየቷ ወይም የመሞቷ ጉዳይ ነው።

እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቀበልኩት ወንድ 38 ኪሎግራም ይመዝን ነበር። ዳሸን ብለን ስም አወጣንለት። በጫጩትነቱ በትክክል ስላልተያዘ በጀርባው ላይ ያሉት የቅርፊቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው እንደ ትናንሽ ጉብታ ተቆልለዋል፤ ይህ ጉዳት አንዴ ከደረሰ በኋላ የሚመለስ አይደለም። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር ከእርሱ ጋር በቆየሁባቸው ዓመታት ከተሳሳትኩትም ካቃናሁትም የተጠናቀረ ነው።

በቅድሚያ ቦታውን ይለኩ፤ የሰፈርዎ የቤት ባለቤቶች ማኅበርና ከተማው ምን እንደሚፈቅዱም ይጠይቁ። በእኔ እምነት ለአንድ ሙሉ ሱልካታ ከ50 ካሬ ሜትር ያነሰ ግቢ አይበቃም፤ ከዚያ ቢበልጥ ደግሞ እሰየው ነው፤ ቀኑን ሙሉ እየተንቀሳቀሰች የምትግጥ እንስሳ ናትና። መዋኛ ገንዳ ያለበት ግቢ ከሆነ ገንዳው ለብቻው መታጠር አለበት፤ ሱልካታ መዋኘት ስለማትችል ከገባች ትሰምጣለች። ውሻ ካለም የኤሊዋ ክልል ከውሻው የተለየ ይሁን። ለዓመታት በሰላም የኖረ ውሻ አንድ ቀን የኤሊዋን እግር ወይም የቅርፊቷን ጠርዝ እንደ አጥንት ሊቆረጥም ይችላል፤ እርሷም ሮጣ አታመልጥ፣ ጮኻ አትጣራ።

አጥርን በተመለከተ ሕጉ አንድ ነው፦ ኤሊዋ በአጥሩ ውስጥ አሻግራ ማየት የለባትም። የሚታያትን ሁሉ ልትደርስበት የምትችለው ቦታ አድርጋ ስለምትቆጥረው መግፋቷን አታቆምም። እኔ መጀመሪያ ያጠርኩት በሽቦ ነበር። ዳሸን በሦስተኛው ቀን ከሽቦው ግርጌ አፍንጫው ተልጦ፣ የፊት እግሮቹም ቆስለው አገኘሁት፤ ሽቦውንም በደረቱ ገፍቶ እንደ ከረጢት አሳብጦት ነበር። በማግስቱ ሽቦውን ነቅዬ ብሎኬት አስመጣሁ። 40 በ20 በ20 ሳንቲሜትር የሆነው የተለመደው ብሎኬት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ አራት ረድፍ ተደርድሮ አንዱ ረድፍ ከመሬት በታች ሲቀበር 60 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ ከሥሩ ለመቆፈርም የሚያስቸግር ግድግዳ ይገኛል። የብሎኬቱን ቀዳዳዎች በብረትና በኮንክሪት መሙላት ግድ ነው፤ ባዶውን የተደረደረ ብሎኬት ሙሉ ወንድ ሱልካታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያፈርሰዋል። ማዕዘኖቹን ከቻሉ ክብ ወይም ገደድ ያለ ቅርጽ ይስጧቸው፤ ኤሊ ቀጥ ባለ ማዕዘን ተወሽቃ ለመውጣት ስትታገል መገልበጥ ሊያጋጥማት ይችላልና። በጀርባዋ የተገለበጠች ትልቅ ኤሊ በበጋ ፀሐይ ብዙ ሰዓት አትቆይም።

የሌሊት ቤቱ ዋናው ሥራ ነው። አንድ ሉህ ፕላይውድ 122 በ244 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ ግማሹ ማለትም 122 በ122 ሳንቲሜትር የሆነ ወለል ለአንዲት ኤሊ አነስተኛው ልክ ሊሆን ይችላል። ይህም ርዝመቷ 80 ሳንቲሜትር የሚደርስ እንስሳ ገብታ ሳትጋጭ ለመዞር የሚያስፈልጋት ስፋት ነው። ዛሬ 20 ኪሎግራም የምትመዝን ቢሆንም ቤቱን ለዛሬው ሳይሆን ለሚመጣው ክብደቷ ይሥሩት። የውስጥ ከፍታው 60 ሳንቲሜትር ይበቃዋል፤ ጣሪያው ከፍ ባለ ቁጥር ሙቀቱ ወደ ላይ ሸሽቶ ኤሊዋ ከታች ትቀዘቅዛለች።

ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ድርብ ይሁን፤ በሁለቱ ፕላይውዶች መካከልም 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ይግባ። አገር ቤት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣል፤ ፎም ግን ሙቀት አያከማችም፣ ሥራው ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ ውጭ እንዳይሸሽ መከልከል ነው። ፎሙ ግን በየትኛውም ቀዳዳ ሊታይ አይገባም፤ ኤሊዋ ነጭ ነገር ስታይ ትነክሳለች፣ ከነከሰችም ትውጣለች፣ የተዋጠው ፎምም አንጀቷን ሊዘጋ ይችላል። ወለሉ ከመሬት በብሎኬት ወይም በእንጨት 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ውኃ የማያስገባ ቀለም ተቀብቶ፣ በላዩ ላይ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ ይነጠፍበት፤ ከዚያም ደረቅ ድርቆሽ በብዛት ይጎዝጎዝ። ወደ በሩ የሚያወጣው ዳገት ዘለግ ያለና ዝቅተኛ መሆን አለበት። ጣሪያው በማጠፊያ የሚከፈት ቢሆን ለማጽዳትም፣ የታመመች ኤሊ ለማውጣትም ያመቻል፤ ጣሪያው የማይከፈት ቤት ሠርቶ በበሩ በኩል 40 ኪሎ መጎተት ምን ያህል እንደሚያደክም ሞክሬ አይቼዋለሁ።

የበሩ ስፋት 60፣ ከፍታውም 50 ሳንቲሜትር ያህል ቢሆን ለሙሉ ወንድ ይበቃል። አቅጣጫው የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትና የሰሜኑ ነፋስ የማይደርስበት፣ ማለትም ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ ይሁን። በበሩ ላይ በቀዝቃዛ መጋዘኖች መግቢያ የሚሰቀሉት ዓይነት ወፍራም የፕላስቲክ ጥብጣቦች ተደራርበው ቢንጠለጠሉ ኤሊዋ ገፍታ ታልፋለች፣ ሙቀቱም አይወጣም። ለብርድ ሌሊት ግን ከውጭ የሚቆለፍ ጠንካራ መዝጊያም ያስፈልጋል።

ማሞቂያን በሚመለከት ምክሬ አምፖል አይጠቀሙ የሚል ነው። ከላይ የሚሰቀል የሙቀት አምፖል ጨረሩን በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያከማች የትልቅ ኤሊን ጀርባ ያደርቃል፣ ያቃጥላልም፤ ሆዷና እግሮቿ ግን እንደቀዘቀዙ ይቀራሉ። ከዚህም በላይ አምፖሉ ወድቆ ድርቆሹን ሊያቀጣጥል ይችላል፤ ስንት ኤሊ በሌሊት ቤቷ ውስጥ በእሳት እንዳለቀች የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር ቀላል አድርጎ አያየውም። የሚሻለው በዘይት የተሞላ የኤሌክትሪክ ራዲያተር በአንዱ ጥግ ማቆም፣ ኤሊዋ እንዳትደገፈውና ድርቆሽም እንዳይነካው በፊቱ ጠንካራ የብረት ፍርግርግ በብሎን ማሰር ነው። ለእንስሳት የተሠራ ጠፍጣፋ የሙቀት ሰሌዳ በጣሪያው ላይ ቢጨመር ሙቀቱ ሰፋ ብሎ ይዳረሳል። ሁሉም ሙቀቱን በራሱ በሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ማለትም በቴርሞስታት ይያዝ፤ እኔ የማስተካክለው በ26 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ በምንም ምክንያት ከ21 በታች እንዲወርድ አልፈቅድም። መስመሩን ለውጭ አገልግሎት የሚሆን ሶኬትና የራሱ ብሬከር አድርጎ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዘርጋው፤ ከሳሎን በመስኮት የተሳበ ማራዘሚያ ገመድ ለዚህ አይሆንም።

የሙቀት መለኪያው የት እንደሚቀመጥም ልብ ይበሉ። በመጀመሪያው የብርድ ወቅት መለኪያውን ለማንበብ እንዲመቸኝ ከጣሪያው ሥር ሰቅዬው ነበር፤ 27 ዲግሪ እያነበብኩ ተረጋግቼ ስተኛ ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ዳሸን ከአፍንጫው አረፋ ሲያወጣና ሲተነፍስ ሲያፏጭ አገኘሁት። መለኪያውን አውርጄ እርሱ ከተኛበት ወለል ላይ ባስቀምጠው 14 ዲግሪ አሳየ። በእንስሳት ሐኪም መርፌ ሳምንታት ከወሰደ በኋላ ዳነ፤ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ የኤሊን ሳንባ ከሁሉ በፊት እንደሚያጠቁ ያን ጊዜ ተማርኩ። ዛሬ መለኪያው ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ በኤሊው ትከሻ ልክ የተቀመጠ ሲሆን፣ ሙቀቱ ሲወርድ ወደ ስልኬ መልእክት ይልካል። ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸው መልእክት ነው፤ ደግሞም ይንሣኝ።

በጋው ሌላ ጉዳይ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሱልካታ በትውልድ አገሯ እንደምታደርገው ጉድጓድ ቆፍራ ትገባለች፤ በዱር የምትቆፍረው ብዙ ሜትር የሚዘልቅ ዋሻ ውስጡ ቀዝቃዛና ርጥበት ያለው ስለሆነ ውኃ ቆጥባ የምትኖረው በእርሱ ነው። በግቢ ውስጥ ግን ያልተመራ ቁፋሮ የቤትን መሠረት ይቦረቡራል፣ ወይም በሐምሌና በነሐሴ በድንገት በሚመጣው ጎርፍ ሞልቶ በኤሊዋ ላይ ይናዳል። ስለዚህ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ትላልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ያንጥፉ፣ በምትኩም እርስዎ ራስዎ ዋሻ ይሥሩላት፦ ጎኖቹ ከተሞላ ብሎኬት፣ ጣሪያው ከወፍራም ጣውላ ሆኖ በላዩ ላይ ግማሽ ሜትር አፈር የተከመረበት፣ አፉ ከግቢው ከፍተኛ ቦታ የሚከፈት መጠለያ ይበቃታል። ከዚህ ጋር ጥላ የሚሰጥ ዛፍና ውኃ እያጠጡ ጭቃ የሚያደርጉት አንድ ጥግ ያስፈልጋል። የመጠጫ ውኃው ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ጠርዙም ተዳፋት የሆነ፣ ኤሊዋ ገብታ ስትቆም ከአገጯ የማያልፍ ይሁን፤ ገብታበት ስለምትጸዳዳ በየቀኑ መቀየሩ የግድ ነው።

ግቢው ቀለቧም ስለሆነ መሬቱን ሣር ያልብሱት። ቤርሙዳ ሣርና በለስ ቁልቋል በላስ ቬጋስ ያለ ብዙ ድካም ይበቅላሉ፤ የሙልበሪ ቅጠልም ትወዳለች። ከምግቧ አብዛኛው ሣርና ድርቆሽ መሆን አለበት፤ ፍራፍሬና የውሻ ምግብ አይስጧት። በከተማው አጥር ሁሉ የሚተከለው ኦሊያንደር መርዛማ ስለሆነ ከሥሩ ይነቀል፣ የደረቀ ቅጠሉም ተለቅሞ ይጣል። ግንባታው ሲያልቅ በግቢው ውስጥ ማግኔት እየጎተቱ የወደቀ ምስማርና ብሎን ይልቀሙ፤ የሚያብረቀርቅ ነገር አይታ አታልፍምና።

ሁለት ወንዶችን በአንድ አጥር ውስጥ ማኖር በፍጹም አይገባም። ከአንገታቸው በታች እንደ ሹካ ወጣ ባለው የቅርፊታቸው ጫፍ እየተገፋፉ አንዱ ሌላውን ይገለብጠዋል። «ብቻዋን ትተክዛለች» የሚለው ስጋት የሰው ስጋት ነው፤ ሱልካታ ብቻዋን ደኅና ትኖራለች። ከሞሃቬ ኤሊዎች ጋር መቀላቀልም ክልክል መሆን አለበት፤ እነርሱ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሚጠበቁ ሲሆኑ፣ የመተንፈሻ አካል በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። በዚህም ምክንያት ሱልካታን ወስዶ በረሃ መልቀቅ ሁለቱንም መበደል ነው።

ኤሊዋ በመጣች ጊዜ የተሳቢ እንስሳት ሐኪም ይያት፤ ትመዘን፣ ዓይነ ምድሯም ይመርመር። የሌሊት ቤቷ የት እንደሆነ ስለማታውቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀሐይ ከመግባቷ በፊት እርስዎ ማስገባት ይኖርብዎታል። ጎማ በተገጠመለት ጣውላ ላይ አድርጎ መግፋት ለወገብ ይበጃል፤ የምትወደውን የቁልቋል ቅጠል በቤቱ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ደግሞ ትምህርቱን ያፋጥናል። ዳሸን በራሱ መግባት የጀመረው ከ19 ቀን በኋላ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በየምሽቱ መዝጊያውን ከመቆለፌ በፊት እጄን ሰድጄ ቅርፊቱን እዳስሳለሁ። ቤቱ ባዶ ከሆነ ባትሪ ይዞ ግቢውን መዞር ያስፈልጋል፤ ፍለጋው ለጠዋት አይተውም።