የድረ ገጽ ክፍል ለተጠቃሚው መታየቱን ስናረጋግጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኘው ቢሯችን አንድ የትኬት መሸጫ ገጽ ስንፈትሽ፣ ኮዳችን «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ይታያል ሲለን፣ ከአራት ኪሎ በሚኒባስ እየመጣ በስልኩ የሞከረው ባልደረባችን ግን ቁልፉን አጥቶት ነበር። ጥፋቱ የአጠያየቃችን ነው፤ ቁልፉ በገጹ ላይ መሣሉ፣ በስክሪኑ ክልል ውስጥ መውደቁና በሌላ ነገር አለመሸፈኑ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ሆነው ሳሉ፣ እኛ የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቀን ሦስቱም የተመለሱ መስሎን ነበር።

ብዙዎች የሚጀምሩት የዚያኑ ኤለመንት (የገጹ አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ቁልፍ) ስታይል፣ ማለትም የአቀራረብ መመሪያውን፣ ብቻ በማንበብ ነው። ወላጁ (ኤለመንቱን በውስጡ የያዘው ክፍል) «ዲስፕሌይ ነን» በሚለው የስታይል ትዕዛዝ ከገጹ ሲጠፋ ግን የልጁ ዲስፕሌይ ሲነበብ አሁንም «ብሎክ»፣ ማለትም የሚሣል ክፍል፣ ሊል ይችላል፤ ኦፓሲቲም (0 ሲሆን ክፍሉን ፈጽሞ እንዳይታይ የሚያደርገው ልክ) እንዲሁ የወላጁ 0 ሆኖ የልጁ 1 እንደሆነ ይነበባል። ክፍሉን ቦታውን ሳያስለቅቅ የሚደብቀው ቪዚቢሊቲ ደግሞ ከወላጅ የሚወረስ ቢሆንም ልጁ ራሱን መልሶ ሊገልጥ ይችላል። ከ2024 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ የሚገኘው «ቼክ ቪዚቢሊቲ» የተባለ ዝግጁ መጠየቂያ ወላጆቹንም ጭምር ይፈትሻል፤ ሆኖም ኦፓሲቲንና ቪዚቢሊቲን እንዲያይ ካልታዘዘ ሁለቱንም ያልፋቸዋል።

የኤለመንቱ አቀማመጥ ከየትኛው ወላጅ እንደሚለካ የሚነግረው «ኦፍሴት ፓረንት» ነል (ባዶ) ከሆነ ኤለመንቱ ተደብቋል ብሎ መደምደምም አያዋጣም፤ በክሮም ፖዚሽኑ «ፊክስድ» የሆነ (ገጹ ሲንሸራተት ከስክሪኑ ላይ የማይነቃነቅ) ኤለመንት ፊታችን ተደቅኖም መልሱ ነል ነው።

ተጠቃሚው ገጹን ባንሸራተተ ቁጥር የኤለመንቱን ልኬት መጠየቅ ብራውዘሩ አቀማመጡን ደጋግሞ እንዲያሰላ ስለሚያስገድድ፣ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ስልክ ላይ ገጹ ይንገዳገዳል። ለዚህ ሥራ ክሮም ከ2016 ጀምሮ የያዘው «ኢንተርሴክሽን ኦብዘርቨር»፣ ማለትም ኤለመንቱ ወደ ስክሪኑ ክልል ሲገባና ሲወጣ የሚያሳውቀን መሣሪያ፣ ይሻላል፤ ግን ትሬሾልዱን (ለማሳወቅ የኤለመንቱ ምን ያህሉ መግባት እንዳለበት የሚወስነውን ልክ) 1፣ ማለትም ሙሉውን፣ አድርጎ መተው ሌላ ወጥመድ ነው። ከስክሪኑ የረዘመ ኤለመንት ምንጊዜም ሙሉ በሙሉ ሊገባ ስለማይችል፣ በቢሮው ሰፊ ስክሪን የሠራው ኮድ በስልክ ላይ ዝም ይላል።

እኛን የጣለን ግን መሸፈን ነው። ቁልፋችን የኩኪ ፈቃድ ከሚጠይቀው ሰሌዳ ሥር ነበር፤ ኦብዘርቨሩ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ ስፍራን እንጂ ከላይ የተደረበውን አያይም። በአንድ ነጥብ ላይ ከሁሉ በላይ ያለው ኤለመንት የትኛው እንደሆነ የሚነግረውን «ኤለመንት ፍሮም ፖይንት»ን በቁልፉ መሃልና ማዕዘኖች ላይ መጠየቅ ይረዳል፤ ሆኖም «ፖይንተር ኢቨንትስ ነን» የተባለን (ጠቅታን የማይቀበል) ሽፋን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። በክሮም ከ2019 ጀምሮ ያለው የኦብዘርቨሩ አማራጭ «ትራክ ቪዚቢሊቲ» መሸፈንንም ይመለከታል፤ ቢያንስ 100 ሚሊሰከንድ መዘግየት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሲጠራጠር አይታይም ማለትን ይመርጣል፤ በእኔ ግምት ለክፍያ ቁልፍ ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ተጠቃሚው ለመክፈል ወደ ቴሌብር መተግበሪያ ሲሻገር ገጹ ከኋላ ይቀራል፤ ኦብዘርቨሩ ግን ይህን አይነግረንም። ይህ የማስታወቂያ እይታን ለሚቆጥሩም ችግር ነው፤ የማስታወቂያ ልኬት መመዘኛ የሚያወጣው የአሜሪካው ሚዲያ ሬቲንግ ካውንስል ቪዲዮ ያልሆነ ማስታወቂያ ታየ የሚለው ከፒክሰሎቹ ቢያንስ 50 በመቶው ለ1 ሰከንድ ያለማቋረጥ ሲታይ በመሆኑ፣ ሰከንዱን የሚለካው ቆጣሪ ገጹ መደበቁንና መገለጡን ከሚያሳውቀው «ቪዚቢሊቲ ቼንጅ» ከሚባለው ኢቨንት (የብራውዘር ምልክት) ጋር ታስሮ ገጹ ሲደበቅ ካልቆመ ማንም ያላየው ማስታወቂያ ይቆጠራል።