ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ መርከቦቹ የት ይሄዳሉ? ወላጆችን በመርከብ ለማንሸራሸር ወር አመራረጥ

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ከዝናቡ ሸሽተው በረንዳዬ ገቡ። ሐጂ የሰፈራችን ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ለብዙ ዓመት ተጎራብተናል። ጃንጥላቸውን አራግፈው ሳይቀመጡ ወሬያቸውን ጀመሩ። ሚኒሶታ ያለው ልጃቸው ደውሎላቸው ነበር። «አንተንና እማዬን በመርከብ ላንሸራሽራችሁ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ከፍሎሪዳ እንነሳለን። ዋጋውም በጣም ወርዷል» ብሏቸዋል። ሐጂ ደስ ብሏቸዋል። ግን ነጋዴ ናቸውና አንድ ነገር ከንክኗቸዋል።

«መምህር፣ ደህና ዕቃ በርካሽ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ለምን እንደረከሰ ነው የምጠይቀው። ይሄስ ለምን ረከሰ?» አሉኝ።

ለሳቸው የመለስኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ጅማ ውስጥ ልጁ ውጭ ያለ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጆቹም ወላጆቻቸውን ወስደው ባሕር ለማሳየት ይጓጓሉ። እኔ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባሕሩን የማውቀው በካርታ ነበር። ከመስከረም 2017 ወዲህ ግን ጉዳዩ የቤቴ ጉዳይ ሆኗል።

ያኔ ታላቅ እህቴ አትላንታ ልጇ ጋ ነበረች። ልጇ የ5 ሌሊት የመርከብ ጉዞ ገዛችላት። መነሻው ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ነው፤ መድረሻው አንድ የሜክሲኮ ደሴት። መስከረም 25 ተነሱ። በ2 ቀን ውስጥ ሚልተን የሚባለው ሃሪኬን፣ ማለትም ባሕር ላይ የሚወለድ ከባድ አውሎ ነፋስ፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ አድጎ ነፋሱ በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር ደረሰ። መርከቡ መንገዱን ቀየረ። ደሴቱ ቀረ። መስከረም 29 ሌሊት ሃሪኬኑ ፍሎሪዳን መታ፤ የታምፓ ወደብም ተዘግቶ ነበር። እህቴ በማግስቱ መውረድ ሲገባት ተጨማሪ ቀናት ባሕር ላይ ቆየች። መርከቡ ምንም አልሆነም። ምግብም አልጎደለም። የጎደለው የደም ግፊት መድኃኒቷ ነው። ለጉዞው ቀን ልክ ቆጥራ ነበር የያዘችው፤ ሌላውን አትላንታ ትታዋለች። የመርከቡ ሐኪም ቤት መድኃኒት ሰጣት፤ የከፈለችው ግን ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኔ እዚህ ሆኜ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አላየሁም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው። ጉዞው 5 ቀን ከሆነ የ10 ቀን መድኃኒት ያዙ። የሚያዘውም በእጅ ቦርሳ ነው። ትልቁን ሻንጣ ስትሳፈሩ ሠራተኞች ይወስዱታል፤ ክፍላችሁ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ወሩ ልምጣ። የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት በፈረንጅ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ወደ ኛ አቆጣጠር ስትመልሱት ለመያዝ ይቀላል። ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ማለት ነው። ክረምቱ ሲያስገመግም ይጀምራል፣ በኅዳር ጽዮን ያበቃል። ጫፉ ደግሞ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው፤ ጳጉሜን 5። እኛ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ስንል ካሪቢያን ላይ ሃሪኬን የሚበረታበት ሰሞን ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይከፋል። ይህን ስነግራቸው ሐጂ «የልጄ ቀን መሃል እምብርቱ ላይ ነዋ!» አሉ።

ፀሐይ እዚያ የምትበረታው በሰኔ ሆኖ ሳለ ክፉው ጊዜ ለምን ወደ መስከረም ዘገየ? ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። ጀበና ከእሳት ከወረደም በኋላ ሙቀቱን ይዞ እንደሚቆይ ነው። ባሕሩ የፈረንጆቹን በጋ (የኛን ክረምት) ሙሉ ሙቀት ሲያጠራቅም ከርሞ የሚሞላለት በመስከረም ነው። ሃሪኬን ለመወለድ 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። ከዚያ ውሃ የሚተነው እርጥበት ነው ጉልበቱ። ነፋሱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሃሪኬን የሚለውን ስም ያገኛል።

ቀጥሎ ያለውን ክፍል ውስጥ ሳስተምር የማይረብሽ ተማሪ አልነበረም ማለት እችላለሁ፤ ይህን ሲሰሙ ግን ሁሉም ጸጥ ይሉ ነበር። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ በጅሬን በኩል የሚቆለለውን ጥቁር ደመና ታውቁታላችሁ። በዚያው ወቅት ከኢትዮጵያ ደጋና ከሱዳን አካባቢ የሚነሱ የአየር ሞገዶች አሉ። በቻድና በኒጀር አድርገው ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ። ወደ 60 የሚጠጉ ሞገዶች በየዓመቱ አፍሪካን አቋርጠው አትላንቲክ ላይ ይወጣሉ። ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ይበተናሉ። ጥቂቶቹ ግን ከሴኔጋል ዳርቻ አልፈው የሞቀ ባሕር ሲያገኙ መሽከርከር ይጀምራሉ። አትላንቲክ ላይ ከሚነሱት ኃይለኛ ሃሪኬኖች አብዛኞቹ የነዚህ ሞገዶች ልጆች ናቸው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሳውን አልቤርቶ የተባለ ሃሪኬን ወደ ኋላ ሲከታተሉ የመነሻው ደመና የተሰባሰበው እኛው ደጋ ላይ፣ በሐምሌ፣ ሆኖ አግኝተውታል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነጎድጓዱን ስሰማ ይሄ ነገር ትዝ ይለኛል።

መርከቦቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ ሳርና ውሃ ወዳለበት እንደሚሄደው እነሱም ይሄዳሉ። ሆቴል ቢሆን ኖሮ እዚያው ቆሞ ዝናቡን ይቀበል ነበር። መርከብ ግን ከነአልጋው፣ ከነማብሰያ ቤቱ መነሳት ይችላል። ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ብዙ መርከቦች ፍሎሪዳንና ካሪቢያንን ለቀው ይወጣሉ። አንዳንዶቹ አትላንቲክን ተሻግረው ሜዲትራኒያን ይገባሉ፤ ባርሴሎና፣ ሮም አጠገብ ያለው ቺቪታቬኪያ፣ የግሪክ ደሴቶች። ሌሎቹ ወደ ኖርዌይ ይወጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ በፓናማ ቦይ በኩል 80 ኪሎ ሜትር አቋርጠው ወደ ሲያትልና ቫንኩቨር ይሄዳሉ። የፈረንጆቹን በጋ አላስካ ለመሥራት ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ልጆቻችሁ የሚሳሳቱት ነገር አለ። መርከቦቹ የሚሄዱት ሃሪኬን ፈርተው ብቻ አይደለም። አላስካ መርከብ በብዛት የሚቀበለው ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ነው። የአውሮፓም ሰው የሚጓዘው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። እዚያ በነዚያ ወራት ደህና ገንዘብ አለ። ስጋቱ ይገፋቸዋል፣ ገበያው ይስባቸዋል። ሁሉም አይወጡም ደግሞ። ማያሚና ፖርት ካናቬራል ላይ ክረምቱን የሚከርሙ ትልልቅ መርከቦች አሉ። መስከረም ላይ የአሜሪካ ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚገቡ ተሳፋሪ ይቀንሳል። ሃሪኬኑም ሰው ያስፈራል። የሐጂ ልጅ ያገኘው ርካሽ ዋጋ ከዚህ የመጣ ነው።

መርከቡ ይሰጥማል ብላችሁ አትጨነቁ። ዛሬ ሳተላይት አለ፤ ትልቅ መርከብም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሃሪኬን እንደ ነፋሱ ፈጣን አይደለም፤ እሱ ራሱ ከቦታ ቦታ የሚጓዘው ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ይሸሹታል። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 ፋንቶም የተባለ ባለ ሸራ የሽርሽር መርከብ ሚች ከሚባለው ሃሪኬን ሊሸሽ ሞክሮ ነበር። ተሳፋሪዎቹን ቤሊዝ አወረደ። ከዚያ ወደ ደቡብ ሄደ። ሃሪኬኑ ከትንበያው ውጭ እሱ ወዳለበት ዞረ። 31 ሠራተኞች ከመርከቡ ጋር ሰጥመው ቀሩ። ይህን የማነሳው ላስፈራራ አይደለም። መርከብ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ነገሩን ለምን አክብደው እንደሚያዩት እንድታውቁት ነው።

የዛሬው ችግር ወደብ ነው። አንድ ትልቅ መርከብ ጠዋት ሺዎችን አውርዶ ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሺዎችን ይጭናል። ወደቡ ሲዘጋ ሁለቱም ወገን ይንገላታል። የሚቆምባቸው ደሴቶችም ሊጎዱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ኢርማና ማሪያ የተባሉ ሃሪኬኖች በ2 ሳምንት ልዩነት ሴንት ማርቲንን፣ ሴንት ቶማስንና ፖርቶ ሪኮን አደቀቁ። መርከቦቹ ቆመውባቸው የነበሩ ወደቦች ራሳቸው እርዳታ ተቀባይ ሆኑ። ያኔ የሽርሽር መርከቦች ሰው ለማውጣት ወደዚያ ሄደዋል።

እንግዲህ ወሩን ስትመርጡ የመርከቦቹን ኮቴ ተከተሉ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ከሆነ ነፃ የምትሆኑት ሜዲትራኒያንን ወይም አላስካን ጠይቁ። ካሪቢያንን ካላየን ካላችሁ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሂዱ። የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ዋጋ ስለሚሰቅል ያንን ሳምንት አሳልፉት። ለኔ ምርጡ ጥር ነው። ለጅማ ሰው ደግሞ ይመቻል፤ ቡና ለቀማው አልፏል፣ እጅም ላይ ገንዘብ አለ፣ ሜዳውም ደርቋል።

አንዳንዶች «በመስከረምም ቢሆን ወደ ደቡብ ወረድ ያለው አያሰጋም» ይላሉ። አሩባ፣ ኩራሳዎና ቦኔር ቬኔዝዌላ ጥግ ስለሆኑ ሃሪኬን እምብዛም አይደርስባቸውም። እውነት ነው። ግን መርከባችሁ የሚነሳው ከፍሎሪዳ ከሆነ ሲሄድም ሲመለስም በሃሪኬኑ መንገድ ነው የሚያልፈው። ደቡብ ሁሉ ደህና ነው ማለትም አይቻልም። ቤሪል ሰኔ 24 ቀን 2016 የግሬናዳን ካሪያኩ ደሴት መትቷታል፤ ያ ደግሞ ገና የወቅቱ መጀመሪያ ነበር።

ልጆቹ ትኬቱን ቀድመው ከገዙና ቀኑ የማይቀየር ከሆነ ሦስት ነገር ጠይቋቸው። ኢንሹራንስ አለን ወይ? ኢንሹራንሱ የሚገዛው ሃሪኬኑ ስም ሳይወጣለት ነው፤ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ውል ያንን ሃሪኬን አይሸፍንም። ውሉ ላይ ስለ ወደብ መቀየር ምን ተጽፏል? አብዛኛው ውል መርከቡ መቆሚያውን እንዲቀይር ይፈቅዳል፤ ለቀረ ደሴት ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው የወደብ ክፍያው ብቻ ነው። ወደ አገር ቤት የሚመልሰን አውሮፕላንስ መቼ ነው? መርከቡ በሚደርስበት ቀን እንዳይሆን። ቢያንስ አራት አምስት ቀን ይኑር። በመሄጃውም ከመነሻው አንድ ቀን ቀድማችሁ ከተማው ግቡ።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል የሚያወጣውን ካርታ በየቀኑ እዩት፤ በነፃ ነው። የ7 ቀኑ ካርታ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ቀለም አለ። ቀይ ማለት የመፈጠር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሃሪኬን ከተነሳ በኋላ የሚወጣውን ቀንድ የመሰለ ሥዕል ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ሥዕሉ የሚያሳየው የሃሪኬኑ መሃል ሊሄድበት የሚችለውን መንገድ ነው። ዝናቡና ነፋሱ ከቀንዱ ውጭም ይደርሳል።

አንድ ለየት ያለ ነገር ልጨምር። መርከቦቹ ቦታ ሲቀይሩ ባዶአቸውን አይሄዱም፤ ተሳፋሪ ይጭናሉ። ጉዞው ወደ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ለቀኑ ሲካፈል ርካሽ ነው። ከቀኖቹ በግማሾቹ ገደማ ከውሃና ከሰማይ በቀር የሚታይ የለም። ጸጥታ ለሚወድ ሰው ግሩም ነው፤ ገበያና ወሬ ለለመደ ግን ይከብዳል። በሚያዝያ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ እንቅልፍ ይጎድላል። በጥቅምት ሲመለሱ ደግሞ ቀኑ 25 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካ ልጆቿ ጋ ከርማ የምትመለስ እናት በሚያዝያ ከፍሎሪዳ ተሳፍራ ቺቪታቬኪያ ብትወርድ ከሮም አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መግባት ትችላለች። የሼንገን ቪዛውን ግን ከዚህ ሳትነሳ ታስብበት።

ስለ ቪዛ ካነሳሁ አይቀር፣ ከአሜሪካ ተነስቶ ወደ አሜሪካ የሚመለስ መርከብ ከአገር ያስወጣችኋል። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ቪዛ መግቢያው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ መመለሻ ልታጡ ትችላላችሁ። የአላስካ መርከቦችም ካናዳ ይቆማሉ፤ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ብቻ ተሳፋሪ እንዳያመላልስ እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ ስለሚከለክል ነው። ስለዚህ የካናዳ ቪዛም ይጠየቃል። ትኬት ከመገዛቱ በፊት መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች ዝርዝር አስልካችሁ አንድ በአንድ አጣሩ።

ሐጂ ይህን ሁሉ ሰምተው ሁለተኛውን ሲኒ ጨረሱ። ዝናቡም አባራ። እዚያው በረንዳዬ ላይ ቆመው ለልጃቸው ደወሉ። «ቀይረው። ቡናው ተሸጦ፣ በጥር» አሉት። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ወደኔ ዞረው «መድኃኒቱን ስንት ቀን አልክ?» ብለው ጠየቁኝ።