ዩኤስቢ እየተቆረጠ ሲያስቸግር፦ ከፎርማት በፊት ገመዱን እዩ

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ኮፒ እያደረገ ድንገት ይጠፋል። ማውዙ ቀጥ ይልና ተመልሶ ይመጣል። ፕሪንተሩ ገጹን ሳይጨርስ «ኦፍላይን» ይላል። ዊንዶውስ ደግሞ ዕቃ ሲሰካና ሲነቀል የሚያሰማትን ድምፅ ማንም ምንም ሳይነካ ደጋግሞ ያሰማል። ይሄን ችግር ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩን ቀድሞ ፎርማት አስደርጓል። ቫይረስ ነው ተብሎ ገንዘብ ከፍሏል፣ ፋይሎቹን አጥቷል፣ በሳምንቱ ያው ድምፅ ተመልሷል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ደጋግሜ የማገኘው ምክንያት ሶፍትዌር አይደለም። የዩኤስቢ ሶኬት የሚሰጠው 5 ቮልት ዕቃው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየወረደ ነው።

ሪስታርት ማድረግ፣ ሌላ ሶኬት መሞከር፣ ዕቃውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማየት፣ እነዚህን ጨርሳችኋል ብዬ ልቀጥል።

መጀመሪያ ማን እንደሚጠፋና መቼ እንደሚጠፋ ለዩ

አንድ ዕቃ ብቻ ከጠፋ ጥርጣሬው ዕቃው፣ ገመዱና የተሰካበት ሶኬት ላይ ነው። ኪቦርዱም ማውዙም ፍላሹም አንድ ላይ ከጠፉ ደግሞ ወደ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ መብራት የሚያድለው ሣጥን) ወይም ወደ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ሂዱ። ሰዓቱንም ልብ በሉ። ኮምፒውተሩ ትንሽ ሥራ ሲፈታ ነው? ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ነው? ወይስ ጎን ያለው ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲነሳ? መልሱ ግማሽ ሥራውን ይሠራላችኋል።

ዋናው ጥፋተኛ፦ የፊት ሶኬትና ቀጭን ኤክስቴንሽን

ምልክቱ ይሄ ነው። ፍላሽ ይሠራል፣ ማውዝ ይሠራል፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ግን ቲክ… ቲክ… እያለ ይመጣል ይጠፋል። ወይም ትንንሽ ፋይል ያልፍና ትልቅ ፋይል ላይ ይቆረጣል።

ሲፒዩው ጠረጴዛ ሥር ነው፣ የኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ የፊቱን ሶኬት ይጠቀማል። የፊቱ ሶኬት ግን ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም ያለው። ከውስጥ በቀጭን ገመድ ተጎትቶ ነው የመጣው። ርካሽ ኬዝ ላይ ያ ገመድ በጣም የሳሳ ነው፣ አንዳንዱ መሸፈኛ ፎይል እንኳ የለውም። እሱ ላይ 3 ሜትር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ይጨመራል። ኤክስቴንሽኑ ላይ የራሱ አዳፕተር የሌለው ሃብ (አንዱን ሶኬት ብዙ የሚያደርግ ማከፋፈያ) ይሰካል። ሃብ ላይ ዲስክ፣ ፍላሽ፣ ሞባይል ቻርጅ። ከዚያ «ዊንዶውሱ ተበላሸ» ይባላል።

ሂሳቡን እንሥራው። ገመድ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ውፍረት በጌጅ ቁጥር ይለካል፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሽቦው ይቀጥናል። 28 ጌጅ ሽቦ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን (ሬዚስታንስ) በሜትር 0.21 ኦም ገደማ ነው። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ 3 ሜትር ገመድ ማለት 6 ሜትር ሽቦ ነው፣ ወደ 1.3 ኦም። ዲስኩ 500 ሚሊ አምፒር ሲስብ 0.64 ቮልት እዚያው ገመዱ ላይ ይቀራል። 5 ቮልት ተነሳ፣ 4.36 ደረሰ። ትንሿ ዲስክ ደግሞ መሽከርከር ስትጀምር ለአፍታ ወደ 1 አምፒር ልትስብ ትችላለች፣ ያኔ ኪሳራው እጥፍ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ላይ የታችኛው ፎቅ ሰው ቧንቧ ሲከፍት ላይኛው ፎቅ ውሃው እንደሚቀጥነው ማለት ነው። ዲስኩ ቮልት ሲያጣ ራሱን ያጠፋል፣ ጭነቱ ሲቀልለት እንደገና ይነሳል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ሰው ነቅሎ የሰካው ይመስለዋል። ያው ርቀት በ24 ጌጅ ሽቦ ቢሆን የሚጠፋው ሩብ ቮልት ብቻ ነበር።

አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ኤክስተርናሉን ይዞ መጣ። ዲስኩ ሞቷል ተብሏል፣ መረጃ ለማውጣትም ብዙ ብር ተጠይቋል። የሁለት ሙሽሮች ሙሉ ቀረጻ ውስጡ ነበር፣ ሌላ ቅጂ የለም። የራሱን ኤክስቴንሽን ትቼ በአጭር ገመድ ከኋላ ሰካሁት። ሙሉውን ኮፒ አደረገ፣ አንዴም አልተቆረጠም። ዲስኩ ምንም አልነበረውም። ገመዱ ላይ ግን «ሃይ ስፒድ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፣ ቢላጥ ሽቦው ጥቂት ክሮች ብቻ ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ዲስክና ፕሪንተርን ከኋላ ሰኩ፣ የኋላው ሶኬት ቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ጥቁሩ የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት ለአንድ ዕቃ 500 ሚሊ አምፒር ለመስጠት ነው የተሠራው፣ ሰማያዊው 3.0 ደግሞ 900፣ ስለዚህ ለዲስክ ሰማያዊውን ምረጡ። ገመድ ስትገዙ ላዩ ላይ የታተመውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቡ። ሁለት የጌጅ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ አንዱ የዳታው ጥንድ ነው፣ ሌላው የመብራቱ። የመብራቱ 24 ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ይሁን። ምንም ያልተጻፈበትን ገመድ ለዲስክ አትግዙ። ሻጩ ኦሪጅናል ነው ብሎ ቢምልላችሁም አትግዙ።

ብዙ ዕቃ የግድ ከሆነ የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ግዙ፣ አዳፕተሩንም እዩ። ሰባት ቀዳዳ ኖሮት 1 አምፒር አዳፕተር ያለው ሃብ ሁለት ዲስክ ሲሰካበት ያው ይቆረጣል።

የፊቱን ሶኬት ማስተካከል ከፈለጋችሁ ኬዙን ክፈቱና ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ በደንብ መቀመጡን እዩ፣ ብዙ ጊዜ አቧራ ሲጠረግ ይላቀቃል። አደራ፣ መብራቱን ከግድግዳው ንቀሉ። አደራ፣ 9 እግር ያለውን ማስገቢያ በግድ አትጫኑ፣ አንድ እግር የጎደለው አቅጣጫውን እንዲያሳያችሁ ነው። የድሮ ኬዝ ላይ ሽቦዎቹ ለየብቻ ከሆኑ ደግሞ የማዘርቦርዱን ማንዋል ሳታዩ በግምት አትሰኩ። ቀዩ 5 ቮልት ቦታውን ከሳተ መጀመሪያ የሰካችሁት ፍላሽ ይቃጠላል፣ ማዘርቦርዱም ሊከተለው ይችላል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ከሁሉም የሚበልጠው። ዲስኩ እየጻፈ ከተቆረጠ በኋላ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ እሺ አትበሉ። በጭራሽ። ካንስል በሉ፣ በአጭር ገመድ ከኋላ ሰኩ፣ ከተከፈተ ፋይሉን መጀመሪያ አውጡ፣ ቼክ ዲስክ የሚባለው የዲስክ ስህተት የሚጠግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ከዚያ በኋላ ነው። በዚች አንድ ክሊክ የልጆቹን ፎቶ ያጣ ሰው አውቃለሁ።

የላላ ሶኬት

ነካ ሲያደርጉት የሚቆረጥ ከሆነ ሶኬቱ ላልቷል። የተሰካ ፍላሽ በእግር ሲገጭ ይሄ ይመጣል። ውስጡ ከቆሸሸ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱት። በሽቶ አይደለም፣ በመርፌም አይደለም። ከተጣመመ ተዉት፣ በሌላው ተጠቀሙ።

ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) የሌለው መስመር

ምልክቱ፦ ኬዙን ስትነኩት ይነዝራል፣ ፎቶ ኮፒው ወይም ፍሪጁ ሲነሳ ፕሪንተሩ ይጠፋል። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው። አንዱ ጋ የፕሪንተሩ ገመድ በኤክስቴንሽን ተቀጥሎ ወደ 8 ሜትር ደርሶ ነበር፣ ለዚያውም ከማሽኑ የመብራት ገመድ ጋር አንድ ላይ ተጠቅልሎ። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ወሰኑ 5 ሜትር ነው። ሲፒዩውን ወደ ፕሪንተሩ አስጠጋን፣ በአጭር ገመድ አገናኘን፣ ሁለቱን ግራውንድ ባለው አንድ ማከፋፈያ ላይ አደረግን፣ አለቀ። የሚነዝር ኬዝ ግን የዩኤስቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሰው ይጎዳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ መስመሩን አስፈትሹ።

ፓወር ሰፕላይ

ሁሉም ዕቃ አንድ ላይ ከጠፋ፣ በተለይ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ከጀመረ፣ 5 ቮልቱን ጭነት ላይ እያለ በመልቲሜትር ለኩ። ከ4.75 በታች ከወረደ ቀይሩት። ብዙ ማዘርቦርድ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም የማይጠፋውን 5 ቮልት ነው ለዩኤስቢ የሚሰጠው፣ ያ መስመር ሲደክም ኮምፒውተሩ ደህና መስሎ ዩኤስቢው ብቻ ያብዳል። 500 ዋት ተብሎ ተጽፎበት በእጅ ሲያዝ ባዶ ሣጥን የሚመስለውን አትግዙ። ውስጡን ራሳችሁ አትክፈቱት፣ ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

ሥራ ሲፈታ ብቻ የሚጠፋ

ይሄ የዊንዶውስ ነው። ፓወር ኦፕሽን ውስጥ «ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ»ን ዲሴብል አድርጉ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥም የእያንዳንዱን «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ፣ ፓወር ማኔጅመንት ላይ፣ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ።

ገመድ አልባ ማውዝ

ሰማያዊው ሶኬት ላይ ዲስክ ሲሰካ ማውዙ የሚንተባተብ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ የሚለቀው ጫጫታ ማውዙ የሚጠቀምበትን 2.4 ጊጋ ኸርዝ ይረብሻል። እዚህ ላይ አጭር ኤክስቴንሽን መድኃኒት ነው። ትንሿን ሪሲቨር ከዲስኩ አርቃችሁ ጠረጴዛው ላይ አውጧት።

አልፎ አልፎ

ኤኤምዲ 500 ሲሪስ ማዘርቦርድ ያላችሁና ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም) ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያልቀየራችሁ አፕዴት አድርጉት፣ የታወቀ የዩኤስቢ መቆራረጥ ነበረበት። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ኮድ 43» የሚል ስህተት የሚያሳይ ዕቃ ገመዱ ተቀይሮ በሌላ ኮምፒውተርም ያንኑ ካለ ዕቃው ራሱ ተበላሽቷል። የማዘርቦርዱ የዩኤስቢ ክፍል ከሞተ ደግሞ ማዘርቦርድ ከመቀየር በፊት ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የዩኤስቢ ካርድ ግዙ፣ ቀጥታ ከፓወር ሰፕላይ መብራት የሚወስደውን።