ዓሣዬን ሌባ ወሰደው ከማለታችሁ በፊት፦ አምባዛ ስታረቡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንትም አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሦስት ሺህ ጫጩት ከትቼ ነበር። ስቆጥር ግማሹ የለም። ሌባ ሳይገባ አልቀረም።» የሞተ አላየህም? አልኩት። «የሞተስ የለም። ጭንቅላት ብቻ አልፎ አልፎ ይንሳፈፋል።»

በቃ፣ ሌባው ተያዘ።

አምባዛ ወንድሙን ይበላል። ይህን ስንቴ እንደተናገርኩ እግዜር ይቁጠረው። ጫጩቶቹ ገና ተቀራራቢ ሳሉ አንዱ ሌላውን በጭራው ይይዝና እስከ አንገቱ ይውጠዋል። ጭንቅላቱ ሰፊና አጥንታም ስለሆነ አያልፍለትም፤ ቆርጦ ይተወዋል። የመጠን ልዩነቱ ሲሰፋ ደግሞ ከነጭንቅላቱ ሙልጭ ያደርገዋል። ያኔ ምልክትም አታገኙም። የበላው ይፋፋል፣ ሲፋፋ አፉ ይሰፋል፣ አፉ ሲሰፋ ይብስበታል። ስለዚህ በየሳምንቱ እያወጣችሁ ትልቁን ከትንሹ ለዩ! «መኖ ካበዛሁለት ይተዋል» የምትሉም አላችሁ። ይቀንሳል እንጂ አይተውም። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ሰንፌ ሳልለይ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ የቀሩልኝ ጥቂት፣ ግን ክንድ ክንድ የሚያካክሉ ነበሩ። ጎረቤቴ «ምን እያበላህ ነው?» ብሎ አደነቀኝ። ወንድሞቻቸውን ነዋ!

«አምባዛ አየር ይተነፍሳል፣ ውሃው ቢቆሽሽ ምን ይሆናል?» ትልቁስ እውነት ነው፤ ከስንጥቡ በላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል የአየር መተንፈሻ አለው። ጫጩቱ ግን ሲፈለፈል ይህ የለውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ገደማ ንጹህ ውሃ ካላገኘ ያልቃል።

ከቆሮሶ (ከቲላፒያ ዓሣ) ጋር ማርባት ይቻላል። የተትረፈረፈውን የቆሮሶ ጫጩት ይለቅምላችኋል። ቆሮሶው ግን ቀድሞ ይደግ።

ለማዳቀል ብላችሁ የወንዱን ሆድ አትጭመቁ። ሴቷ ስትታሽ እንቁላል ትሰጣለች፤ ወንዱ ዘሩን በጭምቅ አይሰጥም። ታርዶ ነው የሚወጣለት።

የክረምት ሌሊትን አትናቁ። ጣና ዳር ያደገ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲበረታ አምባዛ ለመራባት ውሃ ወደተኛበት ሣር ይወጣል። የኩሬውም ልቡ እዚያው ነው። አጥር ከሌለው በደረቱ ክንፍ እየተደገፈ እርጥብ ሣር ላይ ይሄዳል። አንድ ሐምሌ ጠዋት ከጎረቤት ማሳ ቦይ ውስጥ ሰባት ለቀምኩ፣ ያውም በባዶ እጄ። ስድስቱ እንደምንም ገቡልኝ። ሰባተኛው ሲፈራገጥ የክንፉን እሾህ መዳፌ ላይ ሰካው። ጠባሳው ዛሬም አለ።