ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከመጀመራችሁ በፊት የፕሌስመንት ቴስት እንዴት ይወሰዳል?

አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ መግባት ከባድ አይደለም። ማመልከቻውን በትክክል ከሞላችሁ በአብዛኛው ትገባላችሁ። ጥያቄው ከየትኛው ኮርስ ትጀምራላችሁ የሚለው ነው። ይህን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ፕሌስመንት ቴስት የሚባለው የእንግሊዝኛና የሂሳብ ፈተና ነው።

«መውደቅ የለውም፣ ዝም ብለሽ ግቢና ውሰጂው» የሚል ምክር ከዘመድም ከጓደኛም ይመጣል። መውደቅ የለውም የሚለው እውነት ነው። ዝም ብሎ መግባቱ ግን ገንዘብ ያስወጣል። ውጤቱ ዝቅ ካለ ሪሚዲያል ኮርስ፣ ማለትም ከኮሌጅ ደረጃ በታች ያለ ማሟያ ትምህርት ይሰጣችኋል። ሪሚዲያል ይከፈልበታል፣ ሴሚስተር ይበላል፣ ለዲግሪ ግን አይቆጠርም።

1. ፈተናው ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አጣሩ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የተማሪ ቁጥር እንደደረሳችሁ ወደ ፈተና ክፍል አትሩጡ፤ መጀመሪያ አድቫይዘር (የኮሌጁን የትምህርት አማካሪ) አነጋግሩ። «በሌላ ማስረጃ ፈተናው ሊቀርልኝ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የአሜሪካ ሃይስኩል ጂፒኤ ወይም የኤስ ኤ ቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ውጤት፣ አንዳንድ ኮሌጅ ደግሞ ቶፍል ወይም አይልትስ የተባሉት የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ሊያስቀሩት ይችላሉ። ካሊፎርኒያማ በ2017 እ.ኤ.አ. ኤቢ 705 የተባለውን ሕግ ካወጣች ወዲህ ኮሚኒቲ ኮሌጆቿ ተማሪ የሚመድቡት በዋናነት በሃይስኩል ውጤት ነው።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ትራንስክሪፕታችሁን አስገምግሙ። ገምጋሚ ድርጅቶች ብዙ ስለሆኑ ኮሌጁ የትኛውን እንደሚቀበል ቀድማችሁ እወቁ። ካልኩለስ የወሰደ ሰው የሂሳቡ ፈተና ሊቀርለት ይችላል። ብቻ ይህን በጊዜ ጀምሩት። ዘመድ ውክልና ይዞ ሬጅስትራር ሲመላለስ ሴሚስተሩ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

2. የትኛውን ፈተና እንደምትወስዱ እወቁ

በጣም የተለመደው ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው አኩፕሌሰር ነው። ሁለት ዓይነት እንግሊዝኛ አለው። አንደኛው ለሁሉም ተማሪ የሚሰጠው የንባብና የጽሑፍ ፈተና ነው። ሁለተኛው ኢ ኤስ ኤል ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፣ ማዳመጥም አለበት።

ምርጫው ቀላል አይደለም። ማመልከቻው ላይ የመጀመሪያ ቋንቋችሁ አማርኛ መሆኑን ስትሞሉ አንዳንድ ኮሌጅ በቀጥታ ወደ ኢ ኤስ ኤሉ ይመራችኋል። አገር ቤት ሃይስኩልን በእንግሊዝኛ ተምራችሁ፣ ማንበብና መጻፍ የማይከብዳችሁ ከሆነ መደበኛውን መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም ላይነግራችሁ ይችላል። ሌላው ጥግ ደግሞ አለ። ኢ ኤስ ኤል መግባትን እንደ ውርደት የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ እኔ በዚህ አልስማማም። እንግሊዝኛ ሲነገር በደንብ የማይገባችሁ ከሆነ፣ ወይም ኤሴይ ጽፋችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ እዚያ የምታሳልፉት ሴሚስተር ኮሌጅ ኢንግሊሽ ላይ ከመውደቅ ይሻላል።

የገንዘቡንም ነገር አስቡት። ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው። የፌዴራል እርዳታ የሚሸፍነው ሪሚዲያል ደግሞ እስከ 30 ክሬዲት ብቻ ነው። የኢ ኤስ ኤል ኮርሶች እዚህ 30 ውስጥ አይገቡም። ግን ፔል የተከፈለበት ሴሚስተር ሁሉ ከ12ቱ ይቀነሳል።

3. ከመቀመጣችሁ በፊት አጥኑ

ኮሌጅ ቦርድ ነጻ መለማመጃ ኦንላይን አስቀምጧል፤ ከዚያ ጀምሩ። የአኩፕሌሰር ሂሳብ በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነው፣ እያንዳንዱ 20 ጥያቄ አለው። ከትምህርት የራቀ ሰው የሚረሳው ክፍልፋይ፣ ፐርሰንትና ቀላል እኩልታ ነው። የራሳችሁን ካልኩሌተር ማስገባት አይፈቀድም፤ ለአንዳንድ ጥያቄዎች ብቻ ስክሪኑ ላይ ይመጣላችኋል። ስለዚህ በእጅ መሥራትን ተለማመዱ። እግረ መንገዳችሁን የአሜሪካን መለኪያም ያዙ፦ 1 ፉት 12 ኢንች ነው፣ 1 ጋሎን 4 ኳርት ነው፣ ኳርተር 25 ሳንቲም፣ ዳይም 10።

ኮሌጃችሁ ለሂሳብ አሌክስ የተባለውን ሌላ የኮምፒውተር ፈተና የሚጠቀም ከሆነ ነገሩ ይለያል። ጥያቄው እስከ 30 ይደርሳል፣ አብዛኛው መልሱን ራሳችሁ የምትጽፉት እንጂ የምትመርጡት አይደለም። ብዙ ቦታ ከቤት መውሰድ ይቻላል። ኢንጂነር የሆነውን የአክስታችሁን ልጅ አጠገባችሁ አታስቀምጡት። ካልኩለስ ክፍል አስገብቷችሁ ይሄዳል፣ የክፍሉን ፈተና የምትፈተኑት ግን እናንተ ናችሁ።

4. የማትሪክ ልማዳችሁን እቤት ተዉት

እኛ የለመድነው ከባዱን ዘሎ ቀላሉን መጨረስ፣ ከዚያ መመለስ ነው። አኩፕሌሰር ላይ ይህ አይሠራም። መልስ ሳትሰጡ ወደሚቀጥለው ማለፍ አይቻልም፣ ካለፋችሁ ደግሞ መመለስ የለም። ጥያቄዎቹም እንደ መልሳችሁ ይለዋወጣሉ፤ በትክክል ስትመልሱ እየከበዱ ይሄዳሉ። «ከበደኝ፣ ተበላሁ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ምናልባት ጥሩ እየሄዳችሁ ይሆናል።

ሌላው ችኮላ ነው። በርካታዎቹ የአኩፕሌሰር ፈተናዎች የሰዓት ገደብ የላቸውም፤ የሚገድባችሁ የፈተና ክፍሉ መዝጊያ ሰዓት ነው። በጠዋት ግቡ። የሌሊት ሺፍት ሠርታችሁ በቀጥታ አትሂዱ። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያዙ፤ ስልክና ቦርሳ ውጭ ይቀራል።

ፈተናችሁ ድርሰት መጻፍ ካለው፣ ያ ክፍል ራይትፕሌሰር ይባላል። ከ300 እስከ 600 ቃል ያህል ትጽፋላችሁ፣ ከ1 እስከ 8 ነጥብ ይሰጣል። መዝገበ ቃላት አይፈቀድም። አንድ አቋም ያዙ፣ ምክንያታችሁን በምሳሌ አስረዱ። «በአንድ በኩል ጥሩ ነው፣ በሌላ በኩል መጥፎ ነው» እያሉ መዞር ነጥብ ያስጥላል።

5. ውጤቱን ይዛችሁ ቶሎ አድቫይዘር ጋ ሂዱ

ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይወጣል። የመደበኛው አኩፕሌሰር ነጥብ ከ200 እስከ 300 ነው፣ ከሪሚዲያል የሚያስመልጠውን መስመር የሚያሰምረው ግን ኮሌጁ ነው። ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ካላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ድጋሚ መውሰድ መቼ ይቻላል፣ ክፍያስ አለው? ሁለተኛ፣ ሪሚዲያሉን ለብቻ ሳይሆን ከዋናው ኮርስ ጋር በአንድ ሴሚስተር መውሰድ ይቻላል? ብዙ ኮሌጆች አሁን ይህን ይፈቅዳሉ።

ሂሳቡ ከፍ፣ እንግሊዝኛው ዝቅ ያለባችሁ ደግሞ እንግሊዝኛው እስኪያልቅ መቀመጥ የለባችሁም። ከኢ ኤስ ኤል ጎን ለጎን የትኛውን የሂሳብ ወይም የኮምፒውተር ኮርስ መውሰድ እንደምትችሉ በዚያው ቀን ጠይቁና ተመዝገቡ። ለሠራተኛ የሚመቹት የማታ ክፍሎች ቶሎ ይሞላሉ።