ጦርነቱ በታኅሣሥ 1909 ቢያበቃስ? «ቢሆን ኖሮ» ብሎ ለሚጽፍ ሰው

ጅማ ታሪክ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት መጻፍ ከሚወዱ ልጆች ጋር ቡና እየጠጣን እንሰባሰባለን። «ቢሆን ኖሮ ብላችሁ ጻፉ» ስላቸው ብዙዎቹ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ቶሎ ያስታርቁታል። ያስታርቁት፤ ግን በወጉ ይሁን።

መጀመሪያ እውነት የነበረ አጋጣሚ ፈልጉ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1909 ጀርመን «እንደራደር» ብላ ደብዳቤ ላከች። ከስድስት ቀን በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሁለቱንም ወገን «የምትፈልጉት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የጀርመን ደብዳቤ ምን እንደምትለቅ አይናገርም ነበር፤ እነ እንግሊዝ ውድቅ አደረጉት። እናንተ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ «ከቤልጂየም እንወጣለን።» በቃ። ጄኔራሎቹን በአንድ ሌሊት መላእክት አታድርጓቸው፤ አንባቢ «ባክህ!» ብሎ ይዘጋዋል።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ከጻፋችሁ እስከ መጨረሻው በዚያው ዝለቁ። የፈረንጁ 1916 እና የእኛ 1909 ሲደበላለቁ የሰገሌ ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ከተደረገው የሶም ውጊያ በፊት ይመጣል።

ቀጥሎ፣ እሺ የሚያሰኝ ምክንያት ስጡ። ልጆቹ ሁሌም ሬሳ ይቆጥራሉ። እኔ የተዋጊዎቹን አገሮች ኪስ እዩ እላለሁ። እንግሊዝ ጦርነቱን የምትገፋው በአሜሪካ ብድር ነበር፤ በዚያው ኅዳር የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ አባል ባንኮቹን «ለተዋጊዎቹ ስታበድሩ ተጠንቀቁ» አለ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ድንች ጠፍቶ ሰው የከብት ቀለብ የሆነ ሥር ይበላ ነበር። ለንደን ውስጥ ደብተር አገላብጦ ላብ የሚያጠምቀው አንድ የገንዘብ ሚኒስቴር ጸሐፊ ፍጠሩ፤ ከአሥር የጦር ሜዳ ገጽ ይበልጣል።

ዋናው ጣጣ ግን ከእርቁ በኋላ ነው፤ ጦሩ ወዴት ይሄዳል? ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን አለላችሁ። አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ግብር ለመክፈል ተስማሙ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውም ተጠበቀላቸው። ጅማ አልተቃጠለችም። በ1889 ግን የጅማ ጦር ከምኒልክ ጦር ጋር ሆኖ ከፋን ወጋ። የአንዱ ቤት ሰላም ለጎረቤት ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚጽፍ ሰው ሳጣ እናደዳለሁ።

ጣልያንንም እንደዚሁ መርምሯት። ወደ ጦርነቱ የገባችው በለንደን ውል መሬት ተቆርጦላት ነው። ውሉ ውስጥ እንግሊዝና ፈረንሳይ በአፍሪካ የጀርመንን ቅኝ ግዛት ከወሰዱ፣ ለጣልያን በኤርትራ፣ በሶማሊያና በሊቢያ ድንበር በኩል ካሳ ይታሰብላታል የሚል አንቀጽ አለ። ጦርነቱ ሳያልቅ እርቅ ከወረደ ያኔ የኦስትሪያ የነበረችውን ትሪየስትንም አታገኝ፤ ኩርፊያዋን ይዛ ወደ ማን ታያለች?

አንዷ ተማሪዬ «ሰላም ወረደ፣ ጣልያን ጅማ አልመጣም» ብላ ጻፈች። ቆንጆ። ገጽ ገለጥ ሳደርግ ጀግናዋ ፈረንጅ አራዳ የሚባለው የጅማ ሰፈር፣ ጣልያን የሠራው ፎቅ ሥር ቆሞ ልጅቷን ይጠብቃል። «ይሄን ፎቅ ማን ሠራው?» አልኳት። ሳቀች። ቀጠሮውን ሂርማታ ገበያ አዛወርነው፤ ግርግሩ እንዲያውም ለፍቅር ተመቸ። እናንተም የነቀላችሁት ነገር የት የት ሥር እንደሰደደ በየገጹ ፈትሹ፤ ሕንፃ፣ መንገድ፣ ማኪያቶ፣ ሳይቀር።

ሙሶሊኒን ግን በቀላሉ አትሰርዙት። በ1909 የካቲት ላይ ግንባር አካባቢ በልምምድ መሀል የሞርታር ጥይት ፈንድቶ አቆሰለው። እርቁ ታኅሣሥ ላይ ከሆነ አይቆስልም። ሙሉ ጤነኛ፣ የተናደደ፣ ጋዜጣ ማዘጋጀት የሚችል አሥር አለቃ ሆኖ ሚላኖ ይመለሳል። ሁለተኛውን ምዕራፍ ከእሱ ጀምሩ።