የጠፈር ጣቢያን ከአዲስ አበባ መሃል ፎቶ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ ነው፤ «መሃል ከተማ መብራቱ በዝቶ ምን ይታያል?» ብሎ እንጦጦ መውጣት። ፈዛዛ ከዋክብትን ለሚፈልግ ምክሩ ልክ ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ግን በአናት ላይ በሚያልፍበት ምሽት ከጨረቃና ከቬነስ በቀር የሚፎካከረው ስለማይገኝ የመስቀል አደባባይ መብራት አይጋርደውም። የካዛንቺስ ወይም የፒያሳ ፎቅ ጣሪያ ይበቃል። የሚያስፈልገው ጨለማ ሳይሆን በሕንፃ ያልተከለለ ሰማይ ነው።

ብዙ ሰው ባዶ ሰማይ ሲቃኝ የሚያመሸው ግን በሰዓት ስህተት ነው። የማለፊያ ሰዓቱ አንዳንድ ጊዜ የሚወጣው በግሪንዊች አቆጣጠር ነው። አገራችን ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ የሰዓት አቆጠራ ደግሞ በ6 ወደ ኋላ ይላል። ሁለቱን ማስላት ለሰለቸው አቋራጭ አለ፤ ከወጣው ሰዓት ላይ 3 መቀነስ። 16:10 ከተባለ 13:10፣ ማለትም ከምሽቱ 1፡10 ነው። ትንበያውን በዕለቱ ማደስም ግድ ነው፤ ጣቢያው በየጊዜው በሞተር ግፊት ምህዋሩን ከፍ ስለሚያደርግ ያለፈው ሳምንት ስሌት ያሳስታል። እኩለ ሌሊት ላይ መጠበቅም ከንቱ ድካም ነው። ጣቢያው የሚያበራው በፀሐይ ነው፤ በአናታችን የሚያልፈው ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ የምድር ጥላ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዕድሉ ያለው በምሽቱ መጀመሪያና ከንጋት በፊት ብቻ ነው። ክረምቱን ደመናው እንደሚይዘው መናገር አያስፈልግም።

ጉዞውን እንደ ብርሃን መስመር ማንሳት የሚፈልግ ሰው መዝጊያውን ለ4 ደቂቃ ከፍቶ ቢተወው የሚያገኘው የነጣ ሰማይ ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) 400 አካባቢ አድርጎ የ10 ሰከንድ ፎቶዎችን ያለ ፋታ ደጋግሞ ማንሳት፣ ኋላም በኮምፒውተር ማዋሃድ ይሻላል። እዚህ ላይ ካሜራው ራሱ ያሸመቀው ወጥመድ አለ። ብዙ ካሜራዎች በረጅም ፎቶ ላይ የሚታዩ ነቁጦችን የሚያጠፋ ምርጫ አላቸው፤ እሱ ከበራ ካሜራው ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ መዝጊያውን ዘግቶ ሌላ 10 ሰከንድ ይቆያል። ውጤቱም ግማሹ የጎደለ፣ የተቆራረጠ መስመር ነው። ከመጀመርዎ በፊት ያጥፉት። አውቶማቲክ ፎከሱንም እንዲሁ። በደማቅ ኮከብ ላይ ምስሉን በስክሪኑ አጉልተው በእጅዎ ያስተካክሉና ቀለበቱን በፕላስተር ይለጥፉት።

ቅርጹን፣ ክንፎቹን ጭምር፣ ማሳየት የሚቻለው በቴሌስኮፕ ነው። ጣቢያው ከጫፍ እስከ ጫፍ 109 ሜትር ስለሚሆን 420 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ጁፒተርን ያህል ይታያል። ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ሲል ግን ርቀቱ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከ60 ዲግሪ በታች የሆነውን ማለፊያ ለመስመር ፎቶ ይተዉት። በአናት ላይ ሲሆን በሰከንድ 1 ዲግሪ፣ ማለትም የጨረቃን ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሮጣል። መዝጊያው ከ1/1000 ሰከንድ ከዘገየ ምስሉ ይደበዝዛል። ቴሌስኮፑን በእጅ እየገፉ በቪዲዮ መቅረጽ ይመረጣል፤ ለዚህም ማነጣጠሪያውን ቀን እያለ በሩቅ ባለ አንቴና ላይ ከዋናው ቱቦ ጋር ማስተካከል ያሻል። ስታዲየም አካባቢ ከሆኑ ባቡሩ ሲያልፍ የሚፈጠረውን ንዝረትም ይገምቱ።

«የራሳችንን ሳተላይት ለምን አናነሳም?» የሚለው ጥያቄ ደስ ይላል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ግን 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ የተሰጣት ናት። በእኛ መሣሪያ ቅርጿን ማየት አይቻልም።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ጣሪያ ላይ በምሽት ረጅም ቱቦ መትከል ለሚያይ ሰው ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ለሕንፃው አስተዳዳሪና ለጥበቃው አስቀድመው ይንገሩ፤ ቱቦውንም ከሰማይ ዝቅ አያድርጉት።

ጣቢያው በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ለማንሳት ያለ ማጣሪያ መሞከር ዓይን ያጠፋል። ማጣሪያው ለፀሐይ ተብሎ የተሠራና በቴሌስኮፑ ፊት የሚገጠም ይሁን፤ በዓይን መመልከቻው በኩል የሚገባው ትንሹ ዓይነት በሙቀት ይሰነጠቃል። ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን ማለፉ የሚፈጀው ግማሽ ሰከንድ ገደማ፣ የሚታይበት ቀበቶም ስፋቱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለፒያሳ የተሰላውን ይዞ ቦሌ የቆመ ሰው ባዶ ፀሐይ ያነሳል።

በመጨረሻም ምስሉን በኮምፒውተር እያሳሉ የሌለ ነገር መፍጠር አለ። አንዱን ፎቶ ብቻ አይመኑ፤ በተከታታይ ፎቶዎች ላይ እዚያው ቦታ ያልተደገመውን መስመር የጣቢያው አካል ነው ብለው አያሳዩ።